ኩላሊቴን መልስልኝ

መልከጼዴቅ የሞተው፣ ሰው ሁሉ ዳነ ብሎ እፎይ ካለ በኋላ ነበር። ከዓመት በላይ ከኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር ተቆራኝቶ የኖረ ሰው፣ እህቱ ኩላሊቷን ሰጥታው፣ ቀዶ ጥገናው ሰምሮለት፣ ፊቱ ወዝ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ሰበታ አለም ገና ከተከራየበት ግቢ በር ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን «እግዚአብሔር ይመስገን በሉልኝ» ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ግን ሚስቱ ገነት ቁርስ ይዛ ስትገባ፣ አልጋው ላይ እንደ ኖራ ነጥቶ፣ ሆዱ በቀኝ በኩል ተነፍቶ፣ በድን ሆኖ አገኘችው።

ለፖሊስ የደወለችው ገነት አልነበረችም። አከራይዋ ወይዘሮ ብርቅዬ ነበሩ።

«አከም ቡልተኒ፣ እማማ?» ሲል በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አላቸው ሳጅን ኢፋ፣ ከግቢው በር ላይ ኮፍያውን አውልቆ።

«ነጋ፣ ገለታ ዋቃ። ግቡ ልጆቼ» አሉ ብርቅዬ። ከኢፋ ኋላ የቆመችውን ሴት ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ኢንስፔክተር ሬሐና ሂጃቧን በጥንቃቄ የጠቀለለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር፣ ከጥያቄዋ ይልቅ ዝምታዋ ሰው የሚያስጨንቅ መርማሪ ናት። «ሰው በበሽታ ሲሞት ፖሊስ እንደማይጠራ አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ከትናንት ወዲያ አመሻሽ ላይ በዚህ ጆሮዬ የሰማሁትን አፍኜ ብቀብረው ኋላ ማን ይጠየቅልኛል?»

«ምን ሰሙ?»

«እህትየዋ ኤልሳቤት ከቡራዩ መጥታ ነበር። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። ኋላ ጮኸች። ‹ኩላሊቴን መልስልኝ!› አለችው። እንደዚያ ብላ በሩን በላዩ ላይ ወርውራበት ወጣች።»

ሬሐና ወደ መኝታ ቤቱ ገባችና ከሬሳው አጠገብ ብዙ ቆየች። አገጩ ላይ ምላጭ የነካው ትንሽ ጭረት ነበር፤ እላዩ ላይ ጥጥ ተለጥፏል፣ በጥጡ ላይ ሌላ ጥጥ ተደርቧል። የቀኝ ክንዱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችው። የደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ በሚጠመጠምበት ቦታ ዙሪያውን እንደ አምባር የወይን ጠጅ ቀለም የያዘ ምልክት አለ። ትራሱ ራቁቱን ነው፤ ልብስ የለውም።

«ሰው በልብስ ስፌት ሜትር ቢታሰር እንኳ እንዲህ አይበልዝም» አለች ለራሷ ያህል።

ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ የተሰጣው የትራስ ልብስ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። መሃሉ ላይ ያልለቀቀ ቡናማ እድፍ ነበረው።

ገነት ሳሎን ውስጥ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። ሬሐና ከጎኗ ቁጢጥ አለች።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ። ሰሞኑን የተለየ ነገር አይተሽበት ነበር? መድማት፣ ማበጥ፣ ሕመም?»

«ምንም። ደህና ነበር። ምንም አላየሁም» አለች ገነት፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«የትራስ ልብሱን ማን አጠበው?»

ገነት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «እኔ ነኝ። ቆሽሾ ነበር።»

«መድኃኒቶቹስ የት አሉ?»

«ጋሼ ዱባለ ወሰዷቸው። ሲሰሙ ከሁሉ ቀድመው የመጡት እሳቸው ናቸው። ‹ዓይንሽ ስር ሆነው አያስለቅሱሽ፤ ለሌላ ሕመምተኛ እሰጣቸዋለሁ› አሉኝ። ምን የማያደርጉልን ነገር አለ? ከከተማ ድረስ መድኃኒቱን እየገዙ የሚያመጡልንም እሳቸው ነበሩ።»

ዱባለ መልከጼዴቅ ይሠራበት የነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቴክኒክ ኃላፊ ነው። መልከጼዴቅ ሲታመም ቤተ ክርስቲያኑንም ፋብሪካውንም ዞሮ ለምኖ ያሳከመው እሱ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ያን ማለዳም ድንኳን የሚተክሉትን እያዘዘ፣ ወንበር እያስመጣ፣ እንባውን በመሐረብ እየጠረገ ይንጎራደድ ነበር።

ከሰዎቹ ሁሉ የሬሐናን ዓይን የሸሸው ሌላ ሰው ነበር። በሪሁን ይባላል፤ የገነት ታናሽ ወንድም ነው፤ በዚያው ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለር ላይ ይሠራል። ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ ከግድግዳው ተጠግቶ ቆሟል። ሬሐና ወደ እሱ አንድ እርምጃ ስትራመድ እሱ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደ።

«ይሄኛው የሚደብቀው ነገር አለው» አለ ኢፋ።

«እስካሁን የማይደብቅ አላየሁም» አለች ሬሐና።

*

ቀዶ ጥገናውን ከመሩት ሐኪሞች አንዷ የሆነችው ዶክተር ሲድራ፣ የአስከሬን ምርመራው ውጤት ከፊቷ ተዘርግቶ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር ሬሐናን የተቀበለቻት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ ነበር ያደርኩት» አለች።

«ገደልሽው እንዴ?»

«አንቺው ፍረጂ። አዲስ ኩላሊት ስንተክል ከታች፣ ከብሽሽቱ ከፍ ብለን ነው የምናስቀምጠው። የኩላሊቷን ደም ሥር ወደ እግር ከሚወርደው ትልቁ ደም ሥር ጋር እንሰፋዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ደህና ይሆናል። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ስፌቱ ይጠባል፤ አንዳንዱ ላይ ደም ይረጋበትና ኩላሊቷ ትታፈናለች፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የደም ሥሩ ግድግዳ ሳስቶ ይነፋል። መልከጼዴቅ ላይ የሆነው የመጨረሻው ነው። በአልትራሳውንድ አየሁት። ትንሽ ነበር። የሚጠግኑት ባለሙያ እስኪመለሱ ብዬ አልጋ ያዝኩለት፤ ሰኞ ሊተኛ ነበር።»

«ለእሱ እንዴት አድርገሽ ነገርሽው?»

«ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ስለሆነ በሚገባው ቋንቋ። ‹እንዳረጀ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ አንድ ቦታ ላይ ሳስቶ ተነፍቷል። ከባድ ነገር አታንሳ፤ ደም የሚያቀጥን ነገር አጠገብህ አይድረስ፤ አስፕሪን እንኳ እንዳትውጥ› አልኩት። ‹ለሚስቴ አልነግራትም፣ ትሸበርብኛለች፤ ለሷ ተራ ቀጠሮ ነው የምላት› ብሎኝ ሄደ።»

«አብሮት ማን ገባ?»

«ብቻውን ነው የገባው። ግን የክፍሌ በር አይገጥምም። ሰልፉ ደግሞ እስከ በሩ ነው።»

ሬሐና በሩን ዞር ብላ አየችው። እውነትም ጠርዙ ገርበብ ብሎ፣ ውጭ የቆሙት ሰዎች ወሬ ቃል በቃል ይሰማል።

«ዶክተር፣ ያ የሳሳው ቦታ ፈነዳና ሞተ። እሺ። ግን አገጩ ላይ ምላጭ የነካው ቦታስ ለምን አልቆመለትም? ክንዱስ ለምን በለዘ? የትራስ ልብሱ ላይ ደም ነበረ፤ ከአፉ ይመስለኛል።»

ዶክተር ሲድራ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና እንደገና አነበበችው። «ሆዱ ውስጥ የፈሰሰው ደም መርጋት የነበረበትን ያህል አልረጋም ይላል። እኔ ድንጋጤዬ ይዞኝ አላስተዋልኩትም።» ቀና አለች። «የሰጠነው መድኃኒት እንዲህ አያደርግም።»

«እንግዲያው ደሙ ይመርመርልኝ» አለች ሬሐና።

*

ኤልሳቤት ቡራዩ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ሬሐናንና ኢፋን በአንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ ተቀብላ፣ ወንበር ሰጥታ፣ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ስትቀመጥ ጎኗን ያዝ አደረገች። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ እጇ ግን ልማዱን አልተወም።

«አዎ፣ ብያለሁ» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ። «እማማ ብርቅዬ እንደሚነግሯችሁ አውቃለሁ። ያቺ ቃል የመጨረሻዬ ትሆናለች ብዬ መች አሰብኩ?»

«ለምን አልሽው?»

«ይሄን ለእግዚአብሔር ብቻ ነው የምናገረው።»

«ኤልሳቤት፣ ወንድምሽን በሽታ አልገደለውም ብዬ ነው የማስበው። ሰው ነው።»

ኤልሳቤት ተነስታ በሩን ዘጋችው። ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳት «አስኮ! ፒያሳ!» እያለ ይጮሃል።

«ፋብሪካው ውስጥ ቦይለር ፈንድቶ ሁለት ሰው የሞተ ጊዜ ታስታውሻለሽ?» አለች ተመልሳ ስትቀመጥ። «አጵሎስ የሚባል ኦፕሬተር ‹በቸልተኝነት ነው› ተብሎ ተፈርዶበት ወኅኒ ወርዷል። ወንድሜ የዚያን ቀን ተረኛ ተቆጣጣሪ ነበር። የእንፋሎት ማስተንፈሻው ሥራ እንዳያስተጓጉል ተብሎ፣ እንዳይከፈት በሽቦ ሲታሰር አይቷል። ያሰረው ወይም ያሳሰረው አጵሎስ አልነበረም። ወንድሜ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ ‹አላየሁም› አለ። ከዚያ በኋላ ነው ኩላሊቱ የደከመው። ‹ቅጣቴ ነው› ብሎ አመነ። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ ‹ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ካወጣኸኝ እውነቱን እናገራለሁ› ብሎ ተሳለ።»

«ማን እንዳሰረው ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ‹አስቀድሜ ለራሱ ለብቻው ነግሬዋለሁ፤ አብረን እንሂድ ብዬዋለሁ፤ እስኪወስን ስሙን አላነሳም› አለ። እሱ ወንድሜ እንዲህ ነው። እኔ የታየኝ ግን ወኅኒ ቤቱ ነው። በሐሰት መስክሯልና ይታሰራል። እዚያ መድኃኒቱን ማን በሰዓቱ ይሰጠዋል? ንጹሕ ውሃ ማን ያፈላለታል? ‹እስር ቤት ወስደህ ልትገድላት ከሆነ ኩላሊቴን መልስልኝ› አልኩት።» እንባዋ ሳይታወቃት ወረደ። «ስለ ነፍሱ ሲያወራኝ እኔ ስለ ሥጋው ጮህኩበት።»

ሬሐና መሐረብ አቀበለቻት። ከዚያ መድኃኒቶቹን እንዴት ይወስድ እንደነበር ጠየቀች።

«ገነት ናት የምትሰጠው። አብዛኛው በፋብሪካ የታሸገ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ነጩ ክኒን ብቻ ከትልቅ ዕቃ ተቆጥሮ በትንሽ ፌስታል ይሰጣል። ሰንበት ሰንበት እኔ ጋ ስለሚውል እዚህም ጥቂት አስቀምጥለት ነበር፤ አንድ ጊዜ መንገድ ተዘግቶበት ሰዓቱ ስላለፈው።» ተነስታ ከመስኮቱ ደፍ ላይ የተቋጠረች ፌስታል አምጥታ ሰጠቻት። «ከመጨረሻው የመጣው ላይ የወሰድኩት ነው። ለሚፈልግ ሰው ስጡልኝ።»

ደጅ ሲወጡ ኢፋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷ ተናዳበት ነበር፤ መድኃኒቱም እጇ ላይ ነው። በሪሁን ደግሞ የቦይለሩ መካኒክ ነው፤ አጵሎስ ሲታሰር ቦታውን የያዘው እሱ ነው። ሚስትየዋ ደሙን አጥባ ‹አላየሁም› ትላለች፤ ወንድሟን ለማዳን ቢሆንስ?»

«ቢሆንስ ነው» አለች ሬሐና፣ ፌስታሏን እያገላበጠች። «ለማንኛውም ይቺም ትመርመር።»

*

ከቀብሩ ማግስት ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ምሳ ቀርቦለት ነበር። ሬሐና ከወይዘሮ ብርቅዬ ጎን ተቀምጣ ዓይኖቿን ከወዲያ ወዲህ ታንከራትታለች። በሪሁን አይበላም። ዱባለ ሽሮውንም ምስሩንም በደንብ እየበላ ጎመኑን ግን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ገፋው።

«ጎመኑ ምን በደለዎት?» አሉ ብርቅዬ። «ገነት ራሷ ነች የቀነጠሰችው።»

«ከልጅነቴ አይስማማኝም» አለ ዱባለ ፈገግ ብሎ።

ሬሐና ከምሳ በኋላ በሪሁንን ከድንኳኑ ጀርባ አገኘችው። «የቦይለሩን ነገር አውቄዋለሁ» አለችው በቀጥታ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ በዚያን ቀን ተራዬ አልነበረም። ማንንም ጠይቁ» አለ። ከዚያ በኋላ ብትለው ብትሠራው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

በሚቀጥለው ቀን ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ዱባለ ቤት ወጣች። እንጦጦን ካለፉ በኋላ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዱባለ ሹራቡን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ፎጣ ደርቦ በሩን ከፈተላት። መብራት ጠፍቶ ነበር። ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ዝም ብለዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል።

«መብራት እንደዚህ ነው እዚህ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ይሻላል፤ በጸጥታ እናወራለን። ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ያደረሱት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«አዎ። መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የጠበቅሁት። ስንመለስ መድኃኒቱን ገዝተን ገባን።»

«ሐኪሟ ምን እንዳለችው ነገረዎት?»

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። የሰው ሕመም አይጠየቅም።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ብቻ ሰው ምን ያድርግ? ካላማዳሪም ከሳሳ ይፈነዳል። የሰው ደም ሥር ከዚያ አይበልጥም።»

ሬሐና ማስታወሻ አልያዘችም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ግን አንድ ነገር ሰማች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል፣ ከሩቅ እንደሚሰማ የእጅ ሰዓት ያለ ቀጭን ድምፅ። ግድግዳውን ቃኘች፤ የቤተሰብ ፎቶና የቀን መቁጠሪያ እንጂ ሰዓት አልተሰቀለም። የዱባለ እጅ ባዶ ነው። እሷም ሰዓት አላሰረችም። ጥያቄዋን ከረር ስታደርግ ድምፁ ፈጠን አለ።

«እርስዎ ጤናዎ እንዴት ነው? መድኃኒት የሚወስዱት አለ?»

«ተመስገን ነው። ከራስ ምታት ክኒን በቀር አላውቅም» አለና ድንገት ተነስቶ መስኮቱን ከፈተው። የጭነት መኪና ጩኸት ቤቱን ሞላው።

*

የምርመራው ውጤት በደረሰበት ቀን ሬሐና ሁሉንም ገነት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ኤልሳቤትና ገነት አንድ ሶፋ ላይ፣ በመካከላቸው ክፍተት ትተው ተቀመጡ። በሪሁን ከግድግዳው ተጠጋ። ወይዘሮ ብርቅዬ መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ዱባለ የቤቱ ታላቅ ይመስል መሃል ላይ ተቀምጧል። ዶክተር ሲድራም መጥታለች። ኢፋ በሩ ላይ ቆመ።

«መልከጼዴቅ ሆዱ ውስጥ ያለ የሳሳ ደም ሥር ፈንድቶበት ነው የሞተው» ብላ ጀመረች ሬሐና። «ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው። ገዳዩም የተማመነው በዚህ ነው፤ ‹በሽታ ነው› ተብሎ እንዲቀበር። ግን ሰውነቱ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ትንሽ የምላጭ ጭረት አልቆም አለው። የግፊት መለኪያ ክንዱን አበለዘው። ድዱ ሌሊት ሲደማ አደረ። ይህ ሁሉ ከመሞቱ በፊት ነው። ደሙ ውስጥ ዋርፋሪን ተገኝቷል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት።»

«እኛ ቤት እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም!» አለች ገነት።

«የለም። ታዲያ በምን ገባ? በምግብ እንዳልል ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ነው የምትበሉት፤ ሌላ ሰው አልደማም። እሱ ብቻ የሚወስደው ነገር መድኃኒቱን ነው። ታሽጎ የሚመጣውን ማንም አይነካውም። ተቆጥሮ በፌስታል የሚሰጠውን ነጭ ክኒን ግን በሌላ ነጭ ክኒን መተካት ይቻላል። ከሞተ በኋላ መድኃኒቶቹ ለሌላ ሕመምተኛ ተሰጥተዋል ተባለ። ሕመምተኛውን አገኘነው። የታሸጉት ደርሰውታል። ነጩ ግን አልደረሰውም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ዱባለ ዞረ። ዱባለ ትከሻውን ነቀነቀ። «መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል። ፌስታል ነው።»

«ይሆናል። እግዜር ግን ጥቂት አስቀርቶ ነበር፤ ቡራዩ፣ ኤልሳቤት መስኮት ላይ። ተመረመረ። ፕሬድኒሶሎን አይደለም፤ ዋርፋሪን ነው።»

ኤልሳቤት አፏን በእጇ ከደነች። «እኔም በገዛ እጄ አስውጬዋለሁ?»

«ሳታውቂ። መርዙን ያስገባው ሰው ቢሆን ኖሮ ማስረጃውን አንስቶ በገዛ እጁ ለፖሊስ አይሰጥም። አንቺን ያነጻሽ ይሄ ነው።» ሬሐና ወደ ገነት ዞረች። «አንቺ ግን ዋሽተሽኛል። ድዱ ሲደማ አይተሻል።»

ገነት ማልቀስ ጀመረች። «አይቻለሁ። ቶሎ ባለመውሰዴ የገደልኩት መስሎኝ ነው የደበቅሁት። እኔ ልወስደው ነበር እኮ፤ ግን ሐኪሟን ጠይቀናል፣ የመድኃኒቱ ጸባይ ነው ብላለች ተባልኩ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

ገነት መልሱን ከመስጠቷ በፊት ራሷ ገባት። አንገቷ ቀስ ብሎ ዞረ። «ጋሼ ዱባለ» አለች፣ ለሬሐና ሳይሆን ለሱ። «እርስዎ አይደሉም ደውያለሁ ያሉኝ?»

«ማንም አልደወለልኝም» አለች ዶክተር ሲድራ። «ድዱ ደማ ብባል በዚያው ሰዓት አስመጣው ነበር።»

ዱባለ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «የነርሷን ስልክ ይሆናል የደወልኩት። እስቲ አስቡት፤ ይሄን ሰው ለምኜ ያሳከምኩት እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት። መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ሐኪሟ ያለችውን አልነገረኝም አሉኝ። ግን ‹ካላማዳሪም ከሳሳ ይፈነዳል› አሉ። ይህን ቃል ዶክተር ሲድራ ለመልከጼዴቅ ስትናገር ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። በሩ ላይ ግን ቆሞ የሚሰማ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አቶ ዱባለ። በዚያች ቀን፣ ከዚያ በር ላይ፣ ምን ሊገድለው እንደሚችል ሐኪሟ ራሷ ነገረችዎት። ሲመለሱም መድኃኒቱን ገዙለት።»

«ዋርፋሪን ከየት አመጣለሁ? እኔ ሐኪም ነኝ?»

«ይህን አሁን ሁላችንም እንሰማዋለን። እማማ፣ መቁጠሪያዎን ለአፍታ ዝም ያሰኙልኝ። ሳጅን፣ በሩን ዝጋው። ማንም አይናገር።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ለቀስተኛ የተቀመጠበት ድንኳን እንኳ ዝም ያለ መሰለ። ከዚያ ሁሉም ሰሙት፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሪሁን ግድግዳውን አየ። ወይዘሮ ብርቅዬ አማተቡ። ድምፁ ይፈጥናል። የሚመጣው ከዱባለ ደረት ነው።

ዶክተር ሲድራ ቀስ ብላ ተነሳች። «የብረት የልብ ቫልቭ ነው» አለች። «እሱን ያስገባ ሰው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል። ጎመንም እንዳያበዛ ይነገረዋል፤ የመድኃኒቱን ጉልበት ስለሚቀንስበት።»

«ከዓመታት በፊት ለሥልጠና ውጭ አገር ሄድኩ ብለው ከርመው ነበር» አለች ሬሐና። «አጣራን፤ ሥልጠና አልነበረም። ሹመቱ እንዳያመልጥዎት ሕመምዎን ከፋብሪካው ደበቁ። እሱ የራስዎ ጉዳይ ነው። ‹ከራስ ምታት ክኒን በቀር አላውቅም› ብለው ለእኔ የዋሹት ግን የራስዎ ጉዳይ አይደለም። አሁን የቀረው ለምን የሚለው ነው። በሪሁን፣ ወንድሜ፣ ሸክምህን አውርደው።»

በሪሁን ከግድግዳው ጋር ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ከፍንዳታው በኋላ ነው የጠሩኝ» አለ። «‹ፖሊስ ሳይደርስ ማስተንፈሻው ላይ ያለውን ሽቦ ፍታ› አሉኝ። ፈታሁት። አጵሎስን ሲወስዱት ቆሜ አየሁ። ቦታውንም ሰጡኝ። መልከጼዴቅ ሊናገር እንደሆነ ሳውቅ እኔንም የሚጠራኝ መስሎኝ ነው የፈራሁት እንጂ፣ ይሄን… ይሄን አላሰብኩም።»

«ማን ነው የጠራህ?»

በሪሁን ጣቱን አላነሳም። ማንሳትም አላስፈለገውም።

ዱባለ ከወንበሩ ተነሳ፤ ኢፋ ወደ እሱ ተራመደ። «እኔ ባልኖር ኖሮ ያኔውኑ ይሞት ነበር!» አለ ዱባለ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «በየቤቱ ዞሬ፣ ሰው እግር ላይ ወድቄ ነው ያዳንኩት። ለመንኩት እኮ! ተወው፣ የሞተው ሞቷል፣ አጵሎስም ጨርሶ ይወጣል፣ አልኩት። ‹አብረን እንሂድ፣ ወንድሜ፤ አይዞህ እኔ ከጎንህ ነኝ› አለኝ። ከጎንህ ነኝ! እንደዚህ እያለ ሊያጠፋኝ ነበር።»

«ያን ሁሉ ውለታ ስለዋሉለት ነው ያመነዎት» አለች ሬሐና። «ባያምንዎት ኖሮ እርስዎ ያመጡለትን ክኒን አይውጥም ነበር።»

ኢፋ የዱባለን ክንድ ይዞ ሲያወጣው በሩ ድረስ ያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ገነትና ኤልሳቤት መካከላቸው የነበረውን ክፍተት መቼ እንደዘጉት አልታወቀም፤ ሬሐና ዞር ስትል ገነት የኤልሳቤት ጭን ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች።

ዶክተር ሲድራ ልትሰናበት ስትል ኤልሳቤት እጇን ያዘቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሷስ? ኩላሊቷ ምን ሆና ተገኘች?»

«ደህና ነበረች» አለች ሲድራ። «እስከ መጨረሻው ሥራዋን ትሠራ ነበር።»

*

የአጵሎስ መዝገብ እንደገና ተከፈተ። የበሪሁን ቃልና የዱባለ የእምነት ቃል ከተያዘ በኋላ መፈታቱ የቀናት ጉዳይ ሆነ። ኤልሳቤት ግን እስኪፈታ መጠበቅ አልፈለገችም። ሬሐናን ለምና አብረው ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄዱ።

አጵሎስ ከሽቦው ማዶ መጥቶ ቆመ። ረጅም፣ የከሳ፣ ጸጉሩ ያለ ዕድሜው የሸበተ ሰው ነው። ኤልሳቤት መንገዱን ሙሉ ስታዘጋጅ የመጣችው ንግግር ጠፋባት።

«እኔ የመልከጼዴቅ እህት ነኝ» አለች። «ወንድሜ አይቶ ነበር። አላየሁም ብሎ አሳሰረህ። ሊመጣ ነበር፣ ይቅርታ ሊጠይቅህ፣ ከዳኛ ፊት እውነቱን ሊናገር። ስላልደረሰ እኔ መጣሁ። እኔም አትሂድ ብዬው ነበር። እኔንም ይቅር በለኝ።»

አጵሎስ ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬቱን አየ። ሬሐና ስድብ ጠበቀች። ቢሰድባትም አትፈርድበትም ነበር።

«በሬዲዮ ሰምቻለሁ መሞቱን» አለ። «አልቅሻለሁ ብል ውሸት ነው። ኋላ ነገሩን በሙሉ ስሰማ ግን…» አልጨረሰውም። ቀና ብሎ አያት። «ኩላሊት የሰጠሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ያቺ የቀረችልሽስ፣ ደህና ናት?»

ኤልሳቤት እጇን ጎኗ ላይ አደረገች። ከወንድሟ ሞት ወዲህ ስለ እሷ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ደህና ናት» አለችው።

«ጠብቂያት» አለ አጵሎስ።